ብዙ ዒላማ ያለው የሉኪሚያ መድኃኒት ምንድን ነው?

አንድ ሞለኪውል ሆኖ ሁለትና ከዚያ በላይ የካንሰር ፕሮቲን እንዲመታ ታስቦ የተሰራ መድኃኒት ነው። ሁለት ኪኒን አንድ ላይ መዋጥ ማለት አይደለም፣ ይሄን ብዙ ሰው ያምታታዋል።

ሲኤምኤል የሚባለው የደም ካንሰር ዋና ጥፋተኛው አንድ ነው። ክሮሞሶም 9 እና 22 ቁራጭ ሲለዋወጡ ቢሲአር-ኤቢኤል የሚባል ፕሮቲን ይፈጠርና መቅኔ ውስጥ ያለውን ሴል ዝም ብሎ ያባዛዋል። በ2001 እ.ኤ.አ አሜሪካ የጸደቀው ግሊቬክ የሚባል መድኃኒት እሱን ስለሚዘጋ ስንቱን ሰው አተረፈ! ኤኤምኤል የሚባለው ሌላው የደም ካንሰር ግን እንደዛ አይደለም፣ ብዙ ነገር ባንዴ ነው የሚበላሸው። ሸዋሮቢት መስኖ ያየ ሰው ቶሎ ይገባዋል፣ አንዱን ቦይ ብትዘጋው ውሃው በሌላው ይሄዳል። ከሶስት የኤኤምኤል ታማሚ አንዱ ላይ የሚገኘው የተበላሸ ኤፍኤልቲ3 የሚባል ፕሮቲን ሲዘጋ ሴሉ ኤኤክስኤል በሚባል ሌላ ፕሮቲን በኩል መኖሩን ሊቀጥል ይችላል፣ በ2018 የጸደቀው ጊልተሪቲኒብ ሁለቱንም የሚይዘው ለዚህ ጠቃሚ ነው።

እንዴት ነው የሚሰራው ካላችሁ፣ አንዱ መንገድ ሁለት መድኃኒት በኬሚካል ድልድይ ማያያዝ ነው ግን ሞለኪውሉ በጣም ይተልቅና ሲዋጥ ወደ ደም አልገባ ይላል፣ ስለዚህ ኬሚስቶቹ የሁለቱን የሚመሳሰል ክፍል ደርበው አንድ ትንሽ ሞለኪውል ማድረጉን ይመርጣሉ። ችግሩ የአንዱን ዒላማ መጠን ለብቻው ከፍ ዝቅ ማድረግ አይቻልም።

እኔን በጣም የሚገርመኝ ፖናቲኒብ የሚባለው የሲኤምኤል መድኃኒት ነው። ካንሰሩ ቲ315አይ የሚባል ለውጥ ሲያመጣ ቢሲአር-ኤቢኤል ላይ አንዷ አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መገንቢያ ቁራጭ) በወፍራም ትተካና ግሊቬክ መግቢያ ያጣል። ፖናቲኒብን የሰሩት ሰዎች መሀሉ ላይ ሶስትዮሽ የካርቦን ቦንድ አደረጉበት፣ እሷ ቀጥ ያለች ቀጭን ስለሆነች በወፍራሟ ጎን ሾልካ ታልፋለች። ኤፍኤልቲ3ንም ይመታል፣ ግን የደም ስር ፕሮቲኖችንም ይመታል፣ የደም መርጋት አመጣና በ2013 አሜሪካ ውስጥ ሽያጩ ለጊዜው ቆሞ ነበር። ለኔ ከባዱ ስራ ብዙ መምታቱ ሳይሆን የቱን እንደማይነካ መምረጡ ነው። አሁን ሲኤምኤል ላይ በቀን 45 ሚሊግራም ተጀምሮ በሽታው ሲወርድ ወደ 15 ይቀነሳል፣ ግፊትና ልብም እየታየ።