194,313፦ የዐውደ ቀመር ዕለታት

194,313 የባሕረ ሐሳብ (የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የዘመንና የበዓላት ስሌት) ትልቁ ዐውድ የሆነው ዐውደ ቀመር፣ ማለትም የ532 ዓመት ዙር፣ የያዛቸው ዕለታት ቁጥር ነው። በግእዝ አኃዝ ፲፱፼፵፫፻፲፫ ተብሎ ይጻፋል።

አቆጣጠሩ ቀላል ነው። 532 በ365 ሲባዛ 194,180 ይመጣል። ከዓመታቱ ሩቡ፣ 133ቱ፣ ዘመነ ሉቃስ ስለሆኑ ጳጉሜን 6 ትሆንባቸዋለች፤ እነዚህ ዕለታት ሲታከሉ ቁጥሩ ይሞላል። ሲተነተን 3 × 7 × 19 × 487 ነው፤ ከአራቱ አንዱንም ከ1ና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የለም። 7 ዐውደ ዕለት (የሳምንቱ ዕለታት ዙር)፣ 19 ዐውደ አበቅቴ (ፀሐይና ጨረቃ የሚገጣጠሙበት የ19 ዓመት ዙር) ነው። 3 እና 487 ሲባዙ ደግሞ 1,461 ይሰጣሉ፤ ይህም ከማቴዎስ እስከ ዮሐንስ ያሉት አራቱ ዘመናት የዕለት ድምር ነው። ባሕረ ሐሳብ ሙሉው በአንድ ቁጥር ውስጥ ተጣጥፎ ተቀምጧል ማለት ይቻላል።

ለ7 ሲካፈል 27,759 ሳምንታት ይወጣሉ፤ የሚተርፍ ዕለት የለም። ስለዚህ ቀመር ሁሉ በሳምንቱ ተመሳሳይ ዕለት ይጀምራል። አሁን ያለንበት 15ኛው ቀመር የገባው መስከረም 1 ቀን 1949 ዓ.ም. ማክሰኞ ነበር፤ 16ኛውም በ2481 ዓ.ም. ማክሰኞ ይገባል። በዓላትም አብረው ይመለሳሉ። የ2017 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 12 ዋለ፤ ከ532 ዓመት በፊት፣ በ1485 ዓ.ም. በዐፄ እስክንድር ዘመንም፣ ሚያዝያ 12 ነበር።

ለበዓል ስሌት የማያገለግል፣ ግን ሊታለፍ የማይገባው ሌላም ጠባይ አለው። ከ194,313 በታች ካሉት ቁጥሮች ከእርሱ ጋር ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የሌላቸው ቢቆጠሩ 104,976 ናቸው፤ ይህም 18 በራሱ አራት ጊዜ ተጽፎ ሲባዛ (18 × 18 × 18 × 18) የሚገኘው ነው። እንዲህ ያለ ንጹሕ ውጤት በዘፈቀደ ከተመረጠ ቁጥር አይጠበቅም።

የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት የባሕረ ሐሳብን ድርሰት ለእስክንድርያው 12ኛ ሊቀ ጳጳሳት ለቅዱስ ድሜጥሮስ ይሰጣሉ። የውጭ ተመራማሪዎች የ532 ዓመቱን ዙር በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በእስክንድርያ ከነበረው መነኩሴ ከአንያኖስ ጋር ያያይዙታል፤ ምናልባት አንዱ የጀመረውን ሌላው አስፍቶት ይሆናል። ምዕራባውያንም ይህንኑ ዙር ለዘመናት ተጠቅመውበት ከ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የጎርጎርዮስን አቆጣጠር ሲቀበሉ ተዉት። በኢትዮጵያ የአቡሻኽር (የዘመን ቆጠራ ትምህርት) መምህራን እስከ ዛሬ በቃል ያስተምሩታል።

ከጨረቃ ጋር ያለው ስምምነት ግን ፍጹም አይደለም። በ532 ዓመት ውስጥ 6,580 የጨረቃ ወራት ይቆጠራሉ። የሰማይዋ ጨረቃ እነዚህን ወራት የምትጨርሰው በ194,311 ዕለት ከሩብ ገደማ ስለሆነ፣ በየቀመሩ ወደ 1.7 ዕለት ልዩነት ይፈጠራል። ፋሲካ የሚወጣው በአበቅቴና በመጥቅዕ (ለየዓመቱ የጨረቃ ቆጠራ በሚወጡ ሁለት ቁጥሮች) ስሌት እንጂ ጨረቃን በዓይን በማየት ስላልሆነ፣ ልዩነቱ የበዓሉን ዙር አያናጋውም፤ ፋሲካ ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባሉት 35 ዕለታት ውስጥ እየተመላለሰ ይውላል።