አይጧ ሰማች፤ ልጄስ?

እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ከቻይና የወጣ ጥናት፣ ኦቶፈርሊን የተባለው ጂን ተበላሽቶባቸው መስማት ሳይችሉ ከተወለዱ 6 ሕፃናት 5ቱ በጂን ሕክምና (ጤነኛ የጂን ቅጂ ወደ ጆሮ ሕዋሳት በማስገባት) መስማት መጀመራቸውን ገለጸ። ሐዋሳ ውስጥ መስማት የተሳነው ልጅ ያላቸው ወላጆች ይህን ሰምተው ቢጓጉ አይፈረድባቸውም፤ ተስፋው እውነተኛ ነው። ከዚያ በፊት በእንስሳት ላይ ስለተደረገው ሙከራ የሚባለው ግን ብዙው መታረም አለበት።

«አይጥ ላይ ከሠራ ልጅ ላይም ይሠራል።»
ዕድሜው ወሳኝ ነው። አይጥ ሳትሰማ ትወለዳለች፤ መስማት የምትጀምረው በ12ኛው ቀን ገደማ ነው። የሰው ልጅ ግን በማሕፀን ሳለ ከ5ኛው ወር ገደማ ጀምሮ ይሰማል። ስለዚህ በተወለደች ማግስት የታከመች አይጥ የምትመስለው ፅንስን እንጂ የ3 ዓመት ልጅን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው የኦቶፈርሊን ሙከራ ትልቅ ግምት የሚሰጠው በ30ኛው ቀን የታከሙ አይጦችም መስማት በመቻላቸው ነው።

«ሲጨበጨብ ከደነገጠች ሰምታለች።»
ንዝረቱን በእግሯ፣ እጁን በዓይኗ ልታውቅ ትችላለች። ትክክለኛው መለኪያ ኤቢአር፣ ማለትም ድምፅ ሲሰማ ከመስሚያ ነርቭና ከአንጎል ግንድ የሚነሳውን የኤሌክትሪክ ሞገድ የሚመዘግበው ምርመራ ነው። አይጧ ማደንዘዣ ተሰጥቷት ማሞቂያ ላይ ትተኛለች፤ ሰውነቷ ከቀዘቀዘ የነርቭ ሞገዱ ዘግይቶ ውጤቱን ያዛባል። ቀጫጭን የመርፌ ኤሌክትሮዶች አናቷና ጆሮዋ አጠገብ ከቆዳ ሥር ይገባሉ። ድምፁ ለምሳሌ ከ90 ዴሲቤል ጀምሮ 5 በ5 እየቀነሰ ይሰማል፤ በየደረጃው የመቶዎች ምላሽ አማካይ ይወሰዳል። ሞገዱ የታየበት ዝቅተኛው ድምፅ የመስማት ደረጃዋ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ስህተቶች ይደጋገማሉ። አንደኛው ያልታከመውን ሌላኛውን ጆሮ ብቻ ማነጻጸሪያ ማድረግ ነው፤ መድኃኒቱ በፈሳሽ በኩል ወደዚያም ሊሻገር ስለሚችል፣ ያልታከሙ የአንድ እናት ልጆች የሆኑ አይጦች የግድ ያስፈልጋሉ። ሁለተኛው ጆሮ ራሱ መልሶ የሚያወጣውን ደካማ ድምፅ በሚለካው የኦቶአኩስቲክ ምርመራ ብቻ መተማመን ነው። ኦቶፈርሊን የሚጎድለው በውስጠኞቹ የመስሚያ ሕዋሳት ነው፤ ይህ ምርመራ የሚለካው ግን ጤነኛ የሆኑትን ውጫዊ ሕዋሳት ስለሆነ የማትሰማዋን አይጥ «ትሰማለች» ይላል። በሕፃናትም ያው ነው፤ ምርመራውን ያለፈ ልጅ ለድምፅ ምላሽ ካልሰጠ ኤቢአር ይጠየቅለት።

«መድኃኒቱ በበዛ ቁጥር ይሻላል።»
ወደ አይጥ ጆሮ የሚገባው 1 ማይክሮሊትር ገደማ ነው። ከበዛ ወይም ከፈጠነ ግፊቱ የመስሚያ ሕዋሳቱን ይገድላል። ሌላም ችግር አለ፦ የኦቶፈርሊን የዘረመል መመሪያ 6,000 ያህል የዲኤንኤ ፊደል ሲረዝም፣ ተሸካሚው ኤኤቪ ቫይረስ የሚይዘው 4,700 ገደማ ነው። ስለዚህ ለሁለት ተከፍሎ ይላካል፤ ሁለቱም ግማሾች አንድ ሕዋስ ውስጥ ካልተገናኙ ውጤት የለም።

«ዝንጀሮዎችም መስማት ጀመሩ።»
ለዚህ ሕክምና የተሞከረባቸው ዝንጀሮዎች ቀድሞም የሚሰሙ ነበሩ። የተፈተሸው መድኃኒቱ ጉዳት ማድረስ አለማድረሱና በጆሮ ውስጥ መዳረሱ ነው።

«ለማንኛውም መስማት መሳን ይሆናል።»
አይሆንም። በማጅራት ገትር ወይም በጄንታማይሲን የሞቱ የመስሚያ ሕዋሳት በአጥቢ እንስሳት ተመልሰው አይበቅሉም፤ ጂኑ የሚገባበት ሕያው ሕዋስ ያስፈልገዋል።

«እስከ ሰባት ቤት ቆጥረን ነው የተጋባነው፤ የዘር ሊሆን አይችልም።»
ይችላል። ዝምድና የሌላቸው፣ ራሳቸው በደንብ የሚሰሙ ሁለት ሰዎች የአንዱኑ ጂን ብልሽት ሊሸከሙ ይችላሉ። ያኔ በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ መስማት የማይችል ሆኖ የመወለድ ዕድሉ ከ4 አንድ ነው።