የስሜት ተጋቦት ምንድን ነው?

የአንድ ሰው ስሜት በፊቱ፣ በድምፁና በሰውነቱ አኳኋን በኩል ሌላው ሳያስበው ወደ እሱ ሲሻገር፣ ሂደቱ የስሜት ተጋቦት ይባላል። ማዛጋት ይጋባል እንደምንለው ሁሉ ፈገግታም ግንባር መቋጠርም ይጋባል። ከርኅራኄ ጋር ግን አንድ አይደለም፤ የሚራራ ሰው የሚያዝነው ሕመሙ የሌላው መሆኑን አውቆ ነው፤ ስሜት የተጋባበት ሰው ግን ለምን እንደከፋው ቢጠየቅ ምክንያቱ ሊጠፋው ይችላል።

የሂደቱ መጀመሪያ ፊት ላይ ይታያል፤ ይታያል ማለት እንኳ ያስቸግራል፣ እንቅስቃሴው ብዙ ጊዜ ለዓይን የማይገባ በመሆኑ። ስዊድናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኡልፍ ዲምበርግ እ.ኤ.አ. በ1982 ባወጣው ጥናት የሰዎችን የፊት ጡንቻዎች የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ ሲለካ፣ የደስተኛ ፊት ሥዕል ጉንጭን ወደ ላይ የሚስበውን ጡንቻ፣ የቁጡ ፊት ሥዕል ደግሞ ቅንድብን የሚሰበስበውን ጡንቻ እንደሚያነቃ አገኘ። በ2000 ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ሌላ ሥራ ሥዕሉ ለ30 ሚሊሰከንድ ብቻ ታይቶ ወዲያው ስሜት በማይነበብበት ፊት ተሸፈነ፤ ተመልካቾቹ ደስታውን ወይም ቁጣውን አየን ሊሉ ባይችሉም ጡንቻዎቻቸው ምላሽ ሰጥተዋል።

አከራካሪው ከዚያ በኋላ ያለው ነው፦ ፊት ስለተኮረጀ ብቻ ልብ ይከተላል? በ1988 ጀርመናዊው ፍሪትዝ ስትራክና ባልደረቦቹ፣ እስክሪብቶ በጥርሳቸው በመያዛቸው ሳይታወቃቸው የፈገግታ ቅርጽ የያዙ ሰዎች የካርቱን ሥዕሎችን ይበልጥ አስቂኝ ሆነው እንዳገኟቸው ጻፉ። በ2016 ግን 17 ቤተ ሙከራዎች ሙከራውን ደግመው ያንን ውጤት ሳያገኙ ቀሩ። በ2022 የወጣውና በ19 አገሮች ወደ 3,900 የሚጠጉ ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ደግሞ፣ የፈገግታ ፎቶግራፍን ሆን ብለው የኮረጁ ሰዎች በመጠኑ ደስ እንዳላቸው አሳየ፤ እስክሪብቶው ግን አሁንም አሳማኝ ውጤት አልሰጠም። ስለዚህ «ፈገግ በል፣ ሐዘንህ ይለቅሃል» የሚለው ምክር ከማስረጃው በጣም አልፎ የሄደ ይመስለኛል።

ፊታችን ያገኘውን ሁሉ የሚመልስ መስተዋትም አይደለም። የቁጡ ሰው ፊት ቁጣን ሳይሆን ፍርሃትን ሊቀሰቅስ ይችላል፤ የምንወደውን ሰው ከማናውቀው ይበልጥ እንኮርጃለን። ውድድር ሲገባበት ደግሞ ነገሩ እስከ መገልበጥ ይደርሳል፤ የባላንጣው ፈገግታ ግንባር ያስቋጥራል፣ ሥቃዩም ፈገግታ ያመጣል።