የቲቢ መድኃኒትን መሀል ላይ የሚያስቋርጡ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የተለመደው የሳንባ ቲቢ ሕክምና 6 ወር ይፈጃል። መድኃኒቱ አዳማን ጨምሮ በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች በነጻ ይሰጣል። ሰው የሚዘናጋው ሲታመም ሳይሆን ሲሻለው ነው።

«ሳሌ ቆሟል፣ ድኛለሁ»

ሳሉና የሌሊት ላቡ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይቀንሳል፤ መድኃኒቱ ቶሎ ቶሎ የሚራባውን ባክቴሪያ ቀድሞ ስለሚገድለው ነው። ቀስ ብሎ የሚያድገውን ለማጥፋት ግን ወራት ያስፈልጋል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት ሪፋምፒሲን፣ አይሶናያዚድ፣ ፒራዚናማይድና ኢታምቡቶል በአንድ ክኒን ተቀናጅተው ይሰጣሉ፤ በቀሩት 4 ወራት የፊተኞቹ ሁለቱ ብቻ። መሀል ላይ ሲያቋርጡት የተረፈው ባክቴሪያ ይራባል። ዛሬ ወስዶ ነገ መተው ደግሞ መድኃኒቱን የሚቋቋመውን ዘር ለይቶ ያስቀራል። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ አንዱ መነሻው ይኸው ነው፤ ሕክምናውም እጅግ ይከብዳል።

አክታው ላይ ቲቢ ለተገኘበት ሰው መዳኑ የሚታወቀው በ2ኛው፣ በ5ኛውና በ6ኛው ወር መጨረሻ በሚደረግ የአክታ ምርመራ ነው። «ሳል የለኝም፣ አክታ ከየት ላምጣ?» የሚል ብዙ ነው። ጠዋት አፍን በውሃ ተጉመጥምጦ፣ ደጋግሞ በረጅሙ ተንፍሶ፣ ከደረት በኃይል ማሳል ነው፤ ምራቅ አይጠቅምም። ይህም ደጅ፣ ከሰው ራቅ ብሎ ይሁን።

«ሽንቴ ቀላ፣ ኩላሊቴን እየጎዳው ነው»

ሪፋምፒሲን ሽንትን፣ ላብንና እንባን ብርቱካንማ ያደርጋል፤ ጉዳት የለውም። የሚያሰጋው ዓይን ቢጫ ሲሆን፣ ትውከት አልቆም ሲል ወይም እይታ ሲደበዝዝ ነው። ያኔ የሚቀጥለውን ክኒን ሳይውጡ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ ግድ ነው። እግር ቢደነዝዝ ቫይታሚን ቢ6 ይታዘዛል እንጂ ሕክምናው አይቆምም። አልኮል ከመድኃኒቱ ጋር ሲሆን ጉበትን ይበልጥ ስለሚጎዳ ሕክምናው እስኪያልቅ ይቅር። የወሊድ መከላከያ ክኒን የምትወስድ ሴትም ሪፋምፒሲን ስለሚያዳክመው ሌላ ዘዴ ትጠይቅ።

«ትናንት ረሳሁ፣ ዛሬ ደርቤ እውጣለሁ»

አይደረብም። በዚያው ቀን ካስታወሱ ወዲያው ይዋጣል፤ ቀኑ ካለፈ የዛሬው ብቻ ይወሰድና ለሚከታተለው ባለሙያ ይነገራል። መጠኑ በክብደት የተለካ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት 45 ኪሎ የሚመዝን 3 ፍሬ፣ 60 ኪሎ የሚመዝን 4 ፍሬ ይወስዳል፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ።

«ጾም ስለሆነ አልችልም»

በቀን አንዴ ስለሚዋጥ ከጾም ጋር ይሄዳል። የሚሻለው በባዶ ሆድ፣ ከምግብ 1 ሰዓት በፊት ወይም 2 ሰዓት በኋላ ነው፤ በረመዳን ከሱሁር በፊት ወይም ማታ ዘግየት ብሎ መውሰድ ይቻላል። ሆድ ካስቸገረ ከመተው ይልቅ በትንሽ ምግብ መዋጥ ይበጃል። ጸበል የሚጠጣም ሰው ክኒኑን አይተው፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

«መንገድ ላይ ነኝ፣ ስመለስ እቀጥላለሁ»

ከአዳማ ተነስቶ በጂቡቲ መስመር የሚመላለስ ሹፌርና ረዳት ከመውጣቱ በፊት የጉዞውን ቀን ለጤና ጣቢያው ይንገር፤ ለጉዞው የሚበቃው መድኃኒት እንዲሰጠው ይነጋገራል። ቆይታው ከረዘመ የዝውውር ወረቀት ይዞ በደረሰበት ጤና ጣቢያ ይቀጥላል። ክኒኑ ፀሐይ በሚመታው የመኪና ዳሽቦርድ ላይ አይቀመጥ፤ ከአዋሽ ወዲያ ያለው ሙቀት ያበላሸዋል። ከነማሸጊያው በልብስ ቦርሳ ውስጥ ተይዞ ማታ ከሹፌሩ ጋር ይውረድ።