በልጆች የአጥንት ስካን ላይ ያልታሰበ ምልክት ምንድን ነው?

ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው ልጃቸውን አዲስ አበባ ለካንሰር የሚያሳክሙ ወላጆች «ስካኑ ላይ ያላሰብነው ነገር ታይቷል» ሲባሉ ጉልበታቸው ይከዳቸዋል። በሽታው አጥንት ውስጥ ገባ ብለው ይደመድማሉ። ሊሆን ይችላል። ሆኖም ስካኑ ላይ የታየው ደማቅ ነጥብ ሌላ መነሻም ሊኖረው ይችላል።

ለምርመራው ቴክኒሺየም-99ኤም የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር አጥንት ከሚስበው ውህድ ጋር ተጣምሮ በደም ሥር ይሰጣል። ከ2 እስከ 4 ሰዓት ተጠብቆ ጨረሩን የሚያነብ ጋማ ካሜራ የተባለ መሣሪያ ምስል ያነሳል። ንጥረ ነገሩ የሚከማቸው ደም በርከት ብሎ በሚደርስበትና አጥንት ራሱን በሚጠግንበት ቦታ ነው፤ የበሽታውን ስም ግን አይናገርም። በማደግ ላይ ባለ ልጅ የጉልበትና የትከሻ አካባቢ ግራና ቀኙ እኩል ደምቆ ቢታይ ጤናማ ነው።

አንዳንዴ ምልክቱን የሚያመጣው ሕክምናው ራሱ ነው። በሕክምናው የሚሰጡት ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታሰን የተባሉ የስቴሮይድ መድኃኒቶች አጥንት ያሳሳሉ፤ ልጁ ሳይወድቅ እንኳ አከርካሪው ሊሰበር ይችላል። በተለይ ዕድሜያቸው ከ10 ዓመት በላይ በሆነ የደም ካንሰር ታካሚዎች ላይ፣ የዳሌ ወይም የጉልበት አጥንት ክፍል ደም አጥቶ ሊሞት ይችላል። ቪንክሪስቲን የተባለው የካንሰር መድኃኒት ነርቭ ጎድቶ ልጁን ካስነከሰው ደግሞ ጫናው የበዛበት እግር ይደምቃል። መቅኔ የተቀዳበት ቦታም ሆነ ኢንፌክሽን እንዲሁ ይታያል። ንጥረ ነገሩ በሽንት ስለሚወጣ፣ ልብስ ላይ የፈሰሰ ሽንት እንኳ ዳሌው ላይ ነጥብ መስሎ ሊያሳስት ይችላል።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። በወሎ ገጠር ልጅ እግሬን ሲል ብዙ ቤት ቀድሞ የሚጠራው ወጌሻ ነው። ታሽቶ፣ ተጎትቶ ወይም ታስሮ የተጎዳ አጥንት በስካኑ ላይ ሊደምቅ ይችላል። ወላጅ ግን ቁጣ ፈርቶ ይደብቀዋል። እባካችሁ አትደብቁ፤ መቼ ወደቀ፣ የት ታሸ፣ የትኛው እግሩ ያነክሳል፣ ሁሉንም ተናገሩ። ወላጅን የሚያሸማቅቅ ባለሙያም ለምርመራው የሚያስፈልገውን ወሬ በገዛ እጁ ያጣል። «አብሽሪ፣ ንገሪኝ» ማለት ምን ይከብዳል?

ሐኪሙ የደመቀውን ቦታ በራጅ፣ በሲቲ ስካን ወይም በኤምአርአይ ያጣራል፤ አሁንም ካልለየለት ናሙና ይወስዳል። የቀድሞ ራጆች ካሉ ይዛችሁ ሂዱ። እስከዚያው የሚያመው እግር አይታሽ፤ መድኃኒቱም በራስ ውሳኔ አይቋረጥ።