«ፎርቲስ» ሲባል የትኛው ነዳጅ ነው?

«ፎርቲስ» በሰሜን ባሕር የሚገኝ የነዳጅ መስክ ስም ነው። ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከዚያ የሚነሳው ቧንቧም፣ በገበያ የሚሸጠው ድፍድፍ ነዳጅም በዚሁ ስም ይጠራሉ። የሚያደናግረው የመጨረሻው ነው። ቧንቧው በባሕሩ ወለል ላይ 169 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ስኮትላንድ ክሩደን ቤይ ላይ ወደ የብስ ይወጣል፤ በመንገዱ ግን የሌሎች ብዙ መስኮች ነዳጅ ይገባበታል። ገባሮቹን ሁሉ ተቀብሎ በአንድ ስም እንደሚጠራ ወንዝ ማለት ነው። ስለዚህ ገዢው የሚረከበው ቅልቅሉን እንጂ የአንዱን መስክ ነዳጅ ብቻ አይደለም። ይህ ተራ የስም ጉዳይ እንዳይመስላችሁ! በ2007 እ.ኤ.አ. የነዳጅን ጥራት የሚቀንሰው ድኝ የሚበዛበት የበዛርድ መስክ ነዳጅ ሲቀላቀል የ«ፎርቲስ» የድኝ መጠን ጨመረ፤ ስሙ ግን እንዳለ ቀረ።