የአንድ ዓመት ፎቶ አይቶ ውቅያኖስን መቅበር

ሁለት የሳተላይት ምስሎች ጎን ለጎን፤ የአምናው አረንጓዴ፣ የዘንድሮው ሰማያዊ። ከሥሩ «ውቅያኖሱ እየሞተ ነው፣ ሼር አድርጉ» ይላል። ተማሪዎቼ ይልኩልኛል፤ እዚህ ቱሉ ዲምቱ ያሉ ጎረቤቶቼ ይልኩልኛል፤ አብረውኝ ባዮሎጂ የሚያስተምሩ ሳይቀሩ ይልኩልኛል። የሚያንገበግቡኝ እነዚህ የመጨረሻዎቹ ናቸው።

ነገሩ ስለ ፋይቶፕላንክተን ነው። በዓይን የማይታዩ፣ እንደ ዕፅዋት በብርሃን ምግባቸውን የሚያዘጋጁ ተንሳፋፊዎች ናቸው። ወቅታቸው ሲደርስ በአንዴ ተባዝተው ሰፊውን ባሕር አረንጓዴ ያደርጉታል፤ ይህን ነው ፍካት የምለው። ዓመቶቹን የምጽፈው እ.ኤ.አ. ነው።

«አረንጓዴ ውኃ ሁሉ የተበከለ ነው።» አቃቂ አካባቢ ያደገ ልጅ ይህን ቢል አልፈርድበትም፤ የሚያውቀው አረንጓዴ ውኃ አባ ሳሙኤል ነው፣ የከተማው ፍሳሽ የሚወርድበት። አንድ ተማሪ ከዚያ በሃይላንድ ሞልቶ አመጣልኝና ጠብታውን በማይክሮስኮፕ አየነው፤ ጥቃቅን አረንጓዴ ክቦች በሚያዳልጥ ሙጫ ተያይዘው ተከማችተዋል፣ ሽታው ክፍሉን ሞልቶታል። የሰሜን አትላንቲክ የጸደይ ፍካት ግን ሌላ ነው። እዚያ በብዛት የሚታየው ዳያተም የሚባለው የፋይቶፕላንክተን ዓይነት ነው፤ እንደ መስታወት ያለ ቅርፊት የለበሰ፣ የዓሣው ቀለብ መነሻ።

«ኦክስጅን ያልቅብናል።» አያልቅም። ከምድር ፎቶሲንተሲስ ግማሽ ያህሉ በውቅያኖስ ይካሄዳል፤ የሚገኘው ኦክስጅን ግን አብዛኛው እዚያው በባሕሩ ሕያዋን ያልቃል። በአየር ላይ ያለው 21 በመቶ በሚሊዮኖች ዓመታት የተጠራቀመ ስለሆነ አንድ ደካማ ዓመት አይነካውም።

«ፀሐይ ሲበረታ ይበዛል።» ቢሆንማ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ የማያጣው የሐሩር ውቅያኖስ መሃል አረንጓዴ በሆነ ነበር። ሰማያዊ ምድረ በዳ ነው። እንደ ማዳበሪያ የሚያስፈልጋቸው ናይትሬቱና ፎስፌቱ ያለው ከታች፣ በቀዝቃዛው ውኃ ውስጥ ነውና የሚያወጣው ያስፈልጋል። እኛ እዚህ የክረምቱን ጭቃ ስንረግጥ፣ በሶማሊያ ዳርቻ የደቡብ ምዕራቡ ሞንሱን ነፋስ የላዩን ውኃ ገፍቶ ቀዝቃዛውን ያወጣዋል፤ ባሕሩም እየቀዘቀዘ ይፈካል። ነፋሱ በየዓመቱ እኩል አይበረታም፤ ፍካቱም እንዲሁ።

አሁን ወደዚያ መልእክት። «ዘንድሮ ከቀነሰ ውቅያኖሱ እየሞተ ነው» የሚለውን ስሰማ ትዕግሥቴ ያልቃል። ሰው ፍካቱን እንደ አደይ አበባ፣ መስከረም ሲጠባ ከች የሚል አድርጎ ያስበዋል። በሰሜን አትላንቲክ የሚጀምርበት ጊዜ ከዓመት ዓመት በሳምንታት ይለያያል። የዚያ አገር የቀዝቃዛው ወቅት ማዕበልና ብርድ ውኃውን ምን ያህል ጠልቆ አማሰለው? በጸደይ መቼ ረጋ? የሚግጧቸው ጥቃቅን ተንሳፋፊ እንስሳት (ዙፕላንክተኖች) ቀድመው ደረሱ ወይስ ዘገዩ? እነዚህ በየዓመቱ ይለያያሉ። ስለዚህ የሁለት ዓመት ኤፕሪልን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው፣ አንዱን በሙላቱ ሌላውን ገና ሳይጀምር ይዞት ሊሆን ይችላል። ይህን የባዮሎጂ መምህር ማወቅ አለበት!

1998ን ተመልከቱ። በ1997 በተነሳው ኃይለኛ ኤልኒኖ (የምድር ወገቡ ፓሲፊክ ከወትሮው የሚሞቅበት ክስተት) ምክንያት ለሙ ቀዝቃዛ ውኃ ወደ ላይ መድረሱ ቀርቶ፣ በምድር ወገብ ላይ ያለው ፓሲፊክ ገረጣ፤ በፔሩ የአንቾቪ ዓሣ ምርት አሽቆለቆለ። በ1998 አጋማሽ ተቃራኒው፣ የሚቀዘቅዝበት ላኒና ሲተካ ያው ባሕር በሰፊው ፈካ። በዓመቱ መጀመሪያ ያየ «ሞተ» ይል ነበር፤ ከወራት በኋላ ያየ «ተነሳ»። የፔሩ ዓሣም በጥቂት ዓመታት አገገመ። ተቃራኒውም አያታልላችሁ፤ በ2008 የአላስካው ካሳቶቺ እሳተ ገሞራ አመዱን ሲበትን፣ በአመዱ ውስጥ ያለው፣ ለፋይቶፕላንክተን እንደ ማዳበሪያ የሆነው ብረት በሰሜን ምሥራቅ ፓሲፊክ ትልቅ ፍካት አስነሳ። ይህም የባሕር ጤና ማስረጃ አልነበረም።

የአየር ንብረት ለውጥ የለም እያልኩ አይደለም። በ2023 የወጣ ጥናት የ20 ዓመት የሳተላይት መረጃ መርምሮ፣ ከግማሽ በሚበልጠው ውቅያኖስ ላይ የቀለም ለውጥ አግኝቷል። ልብ በሉ፤ 20 ዓመት ሙሉ ተከታትሎ፣ ብዙ የቀለም ዓይነቶችን አንድ ላይ መዝኖ ነው። በክሎሮፊል (በፋይቶፕላንክተኑ አረንጓዴ ቀለም) ብቻ ከሆነ የረጅም ጊዜውን ለውጥ ከዓመታዊው መዋዠቅ ለመለየት 40 ዓመት ገደማ እንደሚያስፈልግ በ2010 የወጣ ጥናት አሳይቷል። ያልተቋረጠው የሳተላይት መረጃ የሚጀምረው ደግሞ በ1997 ነው።

«ባሕር የለንም፣ ምን አገባን?» ለሚሉኝም መልሴ አጭር ነው፤ በ2015 ክረምታችንን አዳክሞ ድርቅ ያመጣብን ያው የፓሲፊኩ ኤልኒኖ ነው።

እንግዲህ ምስሉ ሲደርሳችሁ ሼር ከማድረጋችሁ በፊት ቀኑን እዩ። ወሩ አንድ ነው? ደመና ያለበት ቦታ ባዶ እንደሚሆን አትርሱ፤ ሳተላይቱ በደመና ውስጥ የውኃውን ቀለም አያይም፣ ጠለቅ ብለው የሚኖሩትንም አያገኛቸውም። የሁለቱ ምስሎች ሳተላይት ከተለያየ ማነጻጸሩ ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ናሳ ካርታዎቹን በነፃ ያወጣል፤ የፈለጋችሁትን የባሕር ክፍል ምረጡና የሁሉንም ዓመት ኤፕሪል ከ1998 ጀምሮ ደርድሩ። ሁለቱን ብቻ የላከላችሁን ሰው ደግሞ የቀሩትን የት እንዳደረሳቸው ጠይቁት።